የሊቀ ግራሶ ዲሪዬ ቀኝ እጅ

እጁ ያልነካውን ነገር አለ ብሎ የማያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ወፍጮ ቤት ዱቄቱ ልሟል ሲባል ከኋላችሁ ተንጠራርቶ በሁለት ጣቱ አሸት የሚያደርገው እሱ ነው። በሩን ዘግታችሁ ስትወጡ ተመልሶ የሚገፋው እሱ ነው። የሠርግ ድንኳን ተወጥሮ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲበላ፣ እሱ ጉርሻውን በጉንጩ ይዞ ካስማውን ሲነቀንቅ ታገኙታላችሁ። እናንተም ዘንድ አንድ አይጠፋም። ምናልባት አግብታችሁት ይሆናል።

እኔ የማውቃቸው ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበሩ። ስማቸው ዲሪዬ ይባላል። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ በካሂን ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበሩ። ማዕረጋቸውን የሰጠናቸው እኛው ነን። ለመኪና የሚቀባውን ወፍራም ቅባት ግራሶ ስለምንለው፣ ሊቀ ግራሶ አልናቸው። አንቱ የምላቸውም ለማዕረጉ ክብር፣ በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በድሬ አንቱ የሚባል ሰው ብዙ አልነበረም፤ ትልቁም አንተ፣ ትንሹም አንተ። አባቴ ለባቡር ሥራ ተቀጥሮ ከደጋ ይዞን የመጣ ጊዜ እናቴ አንድ ወር ሙሉ የሰደቧት መስሏት ነበር።

እኔ ሸዋገነት እባላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። ጋራዡ ደጃፍ ሻይ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ካሂን ብርጭቆዬን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየና «እንዲህ አድርጋ ብርጭቆ የምታጥብ ሴት ኩሽኔታ ማጠብ አያቅታትም» አለ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ብረት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በላምባ ብረት አጠብኩ። እጄ የላምባ ሽታ ስለያዘ ሻዬን የሚገዛኝ ጠፋና መካኒክነቱ ውስጥ ቀረሁ።

ሊቀ ግራሶ ዕቃ ታጥቦ ሲቀርብላቸው አይናገሩም፤ «እጅሽ ነካው?» ብቻ ይላሉ። «ነካው» ስትሏቸው ራሳቸው መጥተው ይነካሉ። ከነኩ በኋላ «ሀዬ» ይላሉ። ሀዬ በሱማልኛ እሺ ማለት ነው፤ በእሳቸው አፍ ግን የዳኛ ማኅተም ነበር። ዓይንን አይወዱም። «ዓይን አቦ የሚዋሽ ነገር ነው» ይሉ ነበር። «በረሃ ውስጥ ውሃ ያሳይሃል። እጅ ሄዶ ሲነካው ግን አሸዋ ነው።»

ለዲፈረንሻል ደግሞ የተለየ ፍቅር ነበራቸው። ዲፈረንሻል በሁለቱ ጎማዎች መሃል ከሥር እንደ ቅል የተንጠለጠለው ብረት ነው። ሞተሩ የላከውን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው እሱ ነው፤ አካፋይነቱ ግን ፍርደ ገምድል ነው። ቀልሎ ላገኘው ጎማ ሁሉንም ይሰጣል፣ ለከበደው ምንም አያስቀርለትም። ሊቀ ግራሶ «እንደ ሰነፍ ዳኛ ነው፣ ሁልጊዜ ከጎኑ ካልቆምክ ያበላሻል» ይሉታል። ከሥሩ ተንጋለው የመሙያውን ቡሎን ይፈቱና ትንሿን ጣታቸውን ይከታሉ። ዘይቱ የጣታቸውን ጫፍ ካራሰ ሞልቷል። ከዚያ ጣቱን በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ፀሐይ ላይ ያዩታል። የብረት ብናኝ ከተሰማቸው ፊታቸው እንደ ሐዘንተኛ ይጠቁራል። ዘይቱ ነጣ ካለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሻይ በወተት አይጠጡም ነበር። «የተበላሸ ዘይት ይመስለኛል» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

በአጎታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራውን የያዘችው መኪና ልትነሳ ስትል ሊቀ ግራሶ ጠፉ። ሲፈለጉ ነጭ በነጭ ለብሰው ከመኪናዋ ሥር ተገኙ። ጣታቸው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነበር። ሙሽራው በመስኮት ብቅ ብሎ «ዋርያ ዲሪዬ፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች» ቢላቸው፣ «ኩሽኔታህ ከተበላ ትጠብቅሃለች፣ አትደርስም እንጂ» አሉት።

መምህር ኃይለጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ጀልዴሳና ዋሂል ያሉትን ትምህርት ቤቶች የሚጎበኙ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ከላንድሮቨራቸው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ይዘው መጡ።

«እዚህ እንደተጻፈው ከሆነ የዲፈረንሻሉ ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ገና ነው» አሏቸው።

«ይሄ መጽሐፍ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሯል?»

«መጽሐፍ እንዴት አድርጎ ይሻገራል?»

«እንግዲያው አያውቅም። መኪናው ተሻግሯል።»

ቡሎኑ ሲፈታ የወረደው ሻይ በወተት ነበር። መምህሩ መጽሐፉን ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ሊቀ ግራሶ አስረዷቸው፦ ብረቱ በመንገድ ሲግል ይቆይና ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ እንደ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሚስበው ደግሞ ውሃውን ነው። ስለዚህ ሾፌሮች ውሃ ሲያጋጥማቸው ዳር ላይ ቆመው ብረቱ እስኪያርፍ እንዲጠብቁ ሕግ አውጥተው ነበር። ሕጉን የሚያከብር አልነበረም። ሕጉን የጣሰውን ግን ጣታቸው ያውቀዋል።

ከዲፈረንሻሉ ቀጥሎ የሚያስጨንቃቸው የፊት ጎማ ቁልፍ ነው። የዚያ ጊዜ ላንድሮቨር አንዳንዱ በፊት ጎማዎቹ መሃል ክብ ቁልፍ ነበረው፤ በእጅ የሚዞር። ደህና መንገድ ላይ ሲከፈት ጎማው ነፃ ሆኖ ይንከባለላል። አሸዋና ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ ወርዶ ግራና ቀኙን ይቆልፋል፤ ያኔ የፊቶቹም ጎማዎች ይስባሉ። አንዱን ቆልፎ አንዱን የረሳ ሾፌር ምንም አላደረገም፤ ሰነፉ ዳኛ ጉልበቱን ሁሉ ላልተቆለፈው ይሰጥና በባዶ ያዞረዋል። ሊቀ ግራሶ በየሳምንቱ መኪናዎቹ ተቆልፈው ትንሽ እንዲነዱ ያዙ ነበር፤ «የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይቱን ይላስ፣ ቁልፉም ሥራውን እንዳይረሳ።» ሾፌሩ አብሺር «ሚስቴን ሽርሽር ወስጃት አላውቅም፣ የዲሪዬን ብረት ግን በሳምንት አንዴ አንሸራሽራለሁ» ይል ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ጋራዥ ሲያስተዳድር የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ይፈጃል። ደንበኛ አጉረመረመ። በመጨረሻ ካሂን ሁላችንም በቆምንበት እንዲህ አለ፦

«ስማ ዲሪዬ። ሰው መኪናውን የሚሰጠኝ ለጥገና ነው፣ ለእስራት አይደለም። የሞሐሙድ ላንድሮቨር ሐሙስ ጠዋት ይወጣል። ከዘገየ፣ ወይ ከመንገድ ከተመለሰ፣ አንተም አብረኸው ትወጣለህ።»

ሊቀ ግራሶ ስድስት ልጆች ነበሯቸው። «ሀዬ» አሉ። ያን ቀን ሀዬው ማኅተም አልነበረም።

ሞሐሙድ ጨርቅና ስኳር ነጋዴ ነው። ሐሙስ ዕለት እናቱ ፋርሒያ ወደ አገሯ ወደ ጀልዴሳ ልትመለስ ነበር፤ ሾፌሩ አብሺር። ማክሰኞ ሊቀ ግራሶ የግራውን ጎማ ፈትተው፣ ቀብተው፣ ቆልፈው ጨረሱ። ረቡዕ ወደ ቀኙ ሲዞሩ መኪናውን ያነሳው ክሪክ ተንሸራተተና መኪናው ቀኝ እጃቸው ላይ ወረደ። ሦስት ጣታቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ወስደን እስከ አንጓው በፋሻ አስጠቀለልነው። ክቡር ቀኝ እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፎ ተመለሰ።

«ግራህ ደህና አይደል?» አልኳቸው ሐሙስ በማለዳ።

«በግራ እጅ ይታጠቡበታል እንጂ አይመሰክሩበትም።»

ተገልብጦ በተቀመጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጡና እኔን አዘዙኝ። ፍቺ፣ እጠቢ፣ አድርቂ። ለቅባቱ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ «ለኩሽኔታው እንደ ቅቤ፣ ለቁልፉ እንደ ኩል። ሰማሽ ሸዋ?»

«ሰማሁ።»

በዚህ መሃል ካሂን ጠራቸውና ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። ኩሽኔታውን እንደ ቅቤ ሞላሁት። ቁልፉ ጋ ስደርስ ግራሶው ገና ብዙ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ደርቆ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔ ያደግኩበት ቤት ቅቤ ሲቀቡ አይሰስቱም። እናቴ ፀጉሬን ስትቀባኝ በጆሮዬ ግንድ እስኪወርድ ነበር፤ ስስታም እጅ የቀባው ራስ ያሳክካል ትል ነበር። ለጎረቤቱ ቅቤ ተሰጥቶ ለዚህ ኩል ብቻ? ወንዶች መቼም ቅባት አያውቁም አልኩና እስከ አፉ ጠቅጥቄ ስድስቱን ቡሎኖች አጠበቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እላችኋለሁ።

ሊቀ ግራሶ ሲመለሱ ካሂን ሰዓቱን እያየ ከኋላቸው ቆሟል። አብሺር መሪውን ይዟል። ፋርሒያ ከአንዲት ነጭ ፍየሏ ጋር ከኋላ ተሳፍራለች፤ ሞሐሙድ እናቱን እየተሰናበተ ነው።

«እጅሽ ነካው?»

«ነካው።»

«ጎማውን አንስተሽ፣ ቆልፈሽ አዞርሽው? ከበደሽ?»

ይሄ ዋናው ፈተና ነው። ጎማው በክሪክ ተነስቶ፣ ተቆልፎ በእጅ ሲዞር መክበድ አለበት፤ ከቀለለ ውስጡ አልያዘም። እኔ አላዞርኩትም። አላዞርኩም ብል መኪናው እንደገና ክሪክ ላይ ሊወጣ ነው፣ ካሂን ደግሞ ሰዓቱን እያየ ነው፣ ስድስቱ ልጆች ደግሞ ዓይኔ ላይ መጡ።

«ከበደኝ» አልኩ።

ሊቀ ግራሶ አዩኝ። ፋሻቸውን አዩ። ከዚያ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነኩ «ሀዬ» አሉ።

ያደሱትን መኪና እስከ ደቻቱ ዳር መሸኘት ልማዳቸው ነበር፤ እኔም ተከተልኳቸው። በገበያ ቀን ድልድዩ በግመል ስለሚጨናነቅ የጀልዴሳ መኪኖች ዝቅ ብለው በደረቁ አሸዋ ያቋርጡ ነበር። አብሺር ወርዶ ግራና ቀኙን ቆለፈ፣ ተሳፈረ፣ ወደ አሸዋው ገባ። መሃል ሲደርስ መኪናው ቀስ አለ። የኋላው ጎማ አሸዋውን ቆፈረ። ነዳጅ ሲጨምር ጭራሽ ቁጭ አለ።

ሊቀ ግራሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና «ቀኙ አልያዘም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላዞርኩትም» አልኳቸው በቀስታ። «ግራሶውንም ሞልቼዋለሁ።»

አልተቆጡም። በግራ እጃቸው የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱና መፍቻዋን ሰጡኝ። «ነይ» አሉኝና ወደ አሸዋው ወረዱ።

በራሳችን ላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። በስተደቡብ በኩል፣ በደንገጎ ተራሮች ላይ ግን ጠቁሯል። የድሬ ሰው ይሄን ያውቃል፤ ደቻቱ በሌላ ሰው ዝናብ ነው የሚሞላው። ላይ ላይ ያሉት ግመል ነጂዎች ሳይነጋገሩ ግመሎቻቸውን ወደ ዳሩ መንዳት ጀመሩ። አብሺር ፋርሒያን «ውረጂ እናቴ፣ በጀርባዬ ልዘልሽ» አላት።

«ፍየሌስ?»

«ለፍየሏ እመለስላታለሁ።»

«እንደምትመለስ እጄ አልነካውም» አለችው። የሊቀ ግራሶ በሽታ ከተማውን ይዞት ነበር።

እኔ ተንበርክኬ ስድስቱን ቡሎኖች ፈታሁ። ክዳኑ ሲነሳ የእኔ ደግነት ሁሉ ከነክብሩ ታየ፤ ቁልፉ የሚንሸራተትበት ቦታ የለውም፣ ግራሶ ውስጥ ሰምጧል። ውጪው ተቆልፏል ይላል፣ ውስጡ አልነከሰም። ሊቀ ግራሶ ያንን የማይመሰክር ግራ እጃቸውን ከተቱና ከማሰሮ ቅቤ እንደሚዛቅ ዛቁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ወደ አሸዋው ወረወሩት። ከላይ በኩል ከባድ መኪና የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማኝ። በአውራ ጣታቸው ቀለበቱን ገፉት። ቅጭ አለ።

«ዝጊው።»

ስድስት ቡሎን የሚያስፈልገውን በሁለት ዘጋሁት። እሳቸው ያንን አይተው ዝም ማለታቸው የጎርፉን ቅርበት ከድምፁ ይልቅ ነገረኝ። አብሺር ነዳጅ ሰጠ፤ የፊቶቹ ጎማዎች ሁለቱም አሸዋውን ያዙ፤ መኪናው እንደ ተነሳ ግመል ተወዛውዞ ወጣ። እኛ በጎኑ ተንጠልጥለን ከወዲያኛው ዳር ወጣን። ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት የማይበቃ ጊዜ ቆይቶ ቀዩ ውሃ ከነግንዱ፣ ከነቆሻሻው መጣና ጎማው የቆፈረውን ጉድጓድ ደፈነው። ፋርሒያ ፍየሏን እያሻሸች ወርዳ ተቀመጠች።

ካሂንና ሞሐሙድ የጎርፉን ጩኸት ሰምተው በድልድዩ ዞረው ደረሱ። ካሂን የሊቀ ግራሶን ግራ እጅ አየ፤ እስከ አንጓው በግራሶ ተለውሷል።

«ይሄን ሁሉ ግራሶ ቁልፍ ውስጥ የከተተው ማነው?»

እኔ አፌን ከፈትኩ።

«እጄ» አሉ ሊቀ ግራሶ።

«የትኛው እጅህ? ቀኝህ ታስሯል።»

«ግራዬ። ግራ አይታመንም ብዬ ስንቴ ነገርኩህ።»

አብሺር ሳቀ። ካሂን አልሳቀም። ቃሉ ቃል ነበር፤ ሊቀ ግራሶ በዚያው ቀን መፍቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከጋራዡ ወጡ።

ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ዝም አላልኩም። በር ላይ ደርሼባቸው ተመልሼ ልናገር ነው አልኳቸው። «አንቺ ከወጣሽ የት ትገቢያለሽ?» አሉኝ። «ብረት የምታጥብ ሴት የሚቀጥር ሌላ እብድ ድሬ ውስጥ የለም። እኔን መኪና ያለው ሁሉ ይፈልገኛል። ሂጂ አቦ፣ ሥራሽን ሥሪ።» ካሂን እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። ይኸው አሁን ጻፍኩት።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ፤ በእሱ ልሸሽገው የፈለግኩትን ነገር ተናግሬዋለሁ። ዲሪዬ ከደቻቱ ማዶ፣ አንድ ኒም ዛፍ ሥር ጀሪካኑን ገልብጦ ተቀመጠ። መጀመሪያ አብሺር መጣ። ቀጥሎ መምህር ኃይለጊዮርጊስ፣ ያለ መጽሐፉ። ክረምቱ ሲያልፍ እኔም ላምባዬን ይዤ ሄድኩ። በዓመቱ የካሂን የገዛ መኪናው መጣ፣ ካሂን ግን ሾፌር ነው የላከው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠራሁ። ያንን ሐሙስ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ይቅር ብሎኛል፤ አላመነኝም እንጂ። «እጅሽ ነካው?» ይላል፣ «ነካው» እላለሁ፣ ከጀሪካኑ ተነስቶ፣ ተንበርክኮ፣ ያቺን ጠማማ ሆና የዳነች ጣቱን ከትቶ ይነካና «ሀዬ» ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቀን በቀር ሳይነሳ የቀረበት የለም። በልቤ እሰድበው ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ዓይኑ ደመና ለበሰ፣ ጉልበቱም እምቢ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ የመምህሩን አሮጌ ላንድሮቨር አብሺር ወደ ዋሂል ሊወስደው ነበር። የቀኙን ቁልፍ እኔ ነኝ የሠራሁት። እንደ ኩል ቀባሁት፣ አነሳሁት፣ ቆለፍኩት፣ አዞርኩት። ከበደኝ።

«እጅሽ ነካው?»

«ነካው።»

እንዲያልፍ ፈቀቅ አልኩለት። እሱ ግን እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል።

«ሀዬ» አለ። «ይሂድ።»

አብሺር ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ዛፉን ሊያልፍ ሲል «አብሺር፣ ቁም» አልኩት። ክሪኩን አመጣሁ፣ ጎማውን እንደገና አነሳሁ፣ እንደገና ቆለፍኩ።

«ምን ሆንሽ ሸዋ?» አለኝ ዲሪዬ ከጀሪካኑ ላይ።

«ምንም። እጄ ይንካው ብዬ ነው» አልኩትና ጎማውን አዞርኩት።